የዛገ ኩሽኔታ ከአክስል ላይ ሳይጎዳ ማውጣት፦ ኃይሉ በየት በኩል ይለፍ?

አክስል ላይ ዝጎ የቀረ ኩሽኔታ (ቤሪንግ፣ በውስጥና በውጭ ቀለበት መሀል ኳሶች ያሉት) ሲገጥመን አብዛኞቻችን እጃችን ቀድሞ ሚሄደው ወደ መዶሻ ነው። ይገባኛል፣ እምቢ ያለ ብረት ያናድዳል፣ መምታት ደሞ ቢያንስ የሆነ ነገር እየሰራሁ ነው ሚል ስሜት ይሰጣል። በመዶሻም ይወጣል እኮ፣ አይወጣም አላልኩም፣ ግን ከወጣ በኋላ በእጃችሁ ይዛችሁ ስታዞሩት ቅርቅርቅር ካለ በቃ ያወጣችሁት ቁርጥራጭ ብረት ነው። እኔ ትርፍ ሰዓቴን ማሳልፈው አሮጌ ማሽን ስፈታና ስገጥም ነው፣ ፓምፕ፣ ሞተር፣ ተጎታች፣ የተገኘውን፣ እና ሰው ደጋግሞ ሚጠይቀኝ ነገር ይሄ ስለሆነ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ከዛ በኋላ ሊንኩን ብቻ ልላክ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ግን፣ ኩሽኔታውን ማዳን በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 6204 ካለ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ይሰጧችኋል፣ 04 ሲባዛ በ5 ማለት 20 ሚሊሜትር፣ 6205 ከሆነ 25 ሚሊሜትር። (00፣ 01፣ 02 እና 03 ብቻ ከዚህ ሂሳብ ውጪ ናቸው፣ 10፣ 12፣ 15 እና 17 ሚሊሜትር ማለት ነው።) ከኋላው 2አርኤስ ካለ በሁለቱም ጎን የጎማ መሸፈኛ አለው፣ ዜድዜድ ካለ የቆርቆሮ። እንደዚህ አይነት ተራ ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የትም ሚገኝ ስለሆነ እሱን ለማዳን ቀኑን ሙሉ መልፋት ውሃ ወቀጣ ነው፣ አዲስ ግዙና ገላገሉ። ቁጥሩ ያልተለመደ ከሆነ፣ ማሽኑ አሮጌ ሆኖ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ ከሆነ፣ ወይ ደሞ ኩሽኔታው ገና ደህና ሆኖ እናንተ ሚያስፈልጋችሁ ከጀርባው ያለውን ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ ጎማ) ወይ ጥርስ መቀየር ከሆነ ግን ያኔ በጥንቃቄ ማውጣት ዋጋ አለው። ደሞ ኩሽኔታው ቢጣል እንኳ አክስሉ አይጣልም፣ ለኩሽኔታ ተብሎ ሚደረገው ጥንቃቄ በሙሉ አክስሉንም ያተርፋል።

እሺ፣ ለምንድነው እንደዚህ ሚጣበቀው? ሁለት ነገር ተደርቦ ነው። አንደኛው ከመጀመሪያውም ጠበብ ተደርጎ ስለሚገጠም ነው። 25 ሚሊሜትር አክስል ላይ የውስጥ ቀለበቱ ከአክስሉ ሚጠበው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን እስከ 25 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ካሰባችሁ ይሄ ምንም ማለት አይደለም፣ ግን ብረት ከብረት ጋር ሲሆን አጥብቆ ይይዛል። ሁለተኛው ዝገቱ ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት በላይ ቦታ ይፈልጋል፣ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ እና ቀለበቱና አክስሉ መሀል መስፋፊያ ስለሌለው ሁለቱንም ወጥሮ ይይዛቸዋል። ስለዚ ሲገጠም በእጅ ተገፍቶ የገባ ኩሽኔታ ራሱ፣ ለምሳሌ የተጎታች ሞዞ (ጎማው ሚታሰርበት መሀል) ላይ ያለው ሾጣጣ ኩሽኔታ፣ ከዓመታት በኋላ ተበይዶ የተቀመጠ ነው ሚመስለው።

ሶስተኛ ነገርም አለ፣ እሱ ግን ዝገት ይመስላል እንጂ አመጣጡ ሌላ ነው። ቀለበቱ ስር ቀይ ቡናማ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ኩሽኔታው አክስሉ ላይ ላልቶ በጣም ትንሽ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል ማለት ነው። እንደዛ ከሆነ ችግሩ ማውጣቱ ላይ ሳይሆን ከወጣ በኋላ አክስሉ መለካት ሚኖርበት መሆኑ ላይ ነው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ዘይት ከመንካታችሁ በፊት ፋኖስ ወይ የስልክ መብራት ይዛችሁ ዙሪያውን እዩ። ዝገት ነው ብላችሁ ምትታገሉት ነገር አንዳንዴ ጭራሽ ዝገት አይደለም። አክስሉ ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ሚቀመጥ ቀጭን ማቆሚያ ቀለበት አለ፣ ቆሻሻና ግራሶ ሸፍኖት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሳይወጣ አስር ቶን ብትጎትቱ ወይ ቦይው ይሰበራል ወይ ፑለራችሁ (ኩሽኔታ ጎትቶ ማውጫ መሣሪያ)። እግር ባለው የብረት ማቀፊያ ውስጥ ሚቀመጡት ኩሽኔታዎች ደሞ ወጣ ያለው የውስጥ ቀለበታቸው ላይ ትንንሽ ብሎን አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት፣ በዝገት ተደፍነው አይታዩም። ሲፈቱ ራሱ አክስሉ ላይ የወጉበት ቦታ ጠርዙ ወደ ላይ ያበጠ ጉድጓድ ይተዋል፣ እና ያ እብጠት ነው ቀለበቱን አላሳልፍ ሚለው። አንዳንዱ ዳዶ ደሞ ከስሩ ጆሮ ያላት ሮንዴላ አለችው፣ ጆሮዋ ሳይቃና ዳዶው አይፈታም፣ እና በግራ ሚጠብቅ ጥርስ መኖሩንም አትርሱ፣ በተለይ አክስሉ አንዱ ጫፍ ላይ።

ቀጥሎ ሰው ዘሎት ሚያልፈው ስራ፣ መንገዱን ማጽዳት። ኩሽኔታው ሚወጣው አክስሉ ላይ ተንሸራቶ ነው አይደል፣ እና ከፊቱ ያለው አክስል ዝገት፣ ቀለም፣ የመዶሻ ጠባሳ ካለው ከተቀመጠበት ቦታ ቢላቀቅ እንኳ ሁለት ሴንቲ ሄዶ እንደገና ይነክሳል። ከኩሽኔታው ጠርዝ እስከ አክስሉ ጫፍ ድረስ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት አክስሉን ጠቅልላችሁ እየዞራችሁ አጽዱት፣ እብጠት ካለ በለስላሳ ሞረድ እብጠቱን ብቻ አንሱ። ከዚያ በፊት ግን የኩሽኔታውን ጎን በጨርቅና በፕላስተር ሸፍኑት፣ ምክንያቱም ከብርጭቆ ወረቀት ሚረግፈው አሸዋ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ በዝገት ያልሞተውን እናንተ ገደላችሁት። ጣታችሁን አክስሉ ላይ ከኩሽኔታው ወደ ጫፉ ስትጎትቱት ምንም ነገር ሚይዛችሁ ካልሆነ ጨርሳችኋል።

አሁን ዘይት። ሁሉም ሰው ቤት ያለችው ያቺ ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ፣ ደብሊውዲ 40፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ስትሰራ የታሰበችው ውሃ ለማባረርና ዝገት ለመከላከል ነው፣ ስሟም ይሄንኑ ነው ሚለው፣ 40ው ደሞ አርባኛው ሙከራ ስለተሳካ ነው፣ አትላስ ለሚባለው ሚሳኤል ቆዳ ነበር የታሰበችው። ትረዳለች፣ አልጠላትም፣ ግን ስስ ስለሆነች ቶሎ ትተናለች። ለዚሁ ተብሎ የተሰራ ሰርጎ ገብ ዘይት ካገኛችሁ ይሻላል። ከሌለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በኩል ሚያቀላቅሉ አሉ፣ እኔም ተጠቅሜበታለሁ፣ ይሰራል፣ ሁለቱ ግን ቶሎ ስለሚለያዩ በየጊዜው መበጥበጥ አለበት፣ አሴቶኑ ደሞ ቀለም ይልጣል፣ አንዳንድ ፕላስቲክና ጎማ ያበላሻል፣ እና እሳት ከሩቅ ነው ሚጠራው። መሸፈኛው ጎማ የሆነ ኩሽኔታ ላይ ባልጠቀመው ነው ምመርጠው።

ከዘይቱ አይነት በላይ ግን ወሳኙ ጊዜ እና አቀማመጥ ነው። ዘይት ማይክሮን በሆነች ስንጥቅ ውስጥ ሚገባው በራሱ ጊዜ እየተሳበ ነው፣ ረጭታችሁ ከአስር ደቂቃ በኋላ ብትስቡ ምንም አላደረጋችሁም። ከተቻለ አክስሉን ሞርሳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ኩሽኔታው ከላይ ይሁን፣ ከዛ አክስሉና የውስጥ ቀለበቱ ሚገናኙበት መስመር ላይ ዙሪያውን ዘይት እንዲጠራቀም አድርጉ። የመስታወት ማሸጊያ ፑቲ ካላችሁ በቀለበቱ ላይ ትንሽ ግድብ ስሩለት፣ ዘይቱ እዛው ኩሬ ሰርቶ ያድራል፣ ወደ ኳሶቹም አይሄድም። በየተወሰነ ሰዓት በትንሽ መዶሻ የአክስሉን ጫፍ (ኩሽኔታውን አይደለም!) በነሐስ ወይ በእንጨት አስደግፋችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፣ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጣጥቀዋል፣ ዘይቱም ይከተላል። በማግስቱ ከስር ስታዩ በቀለበቱ ታች በኩል ቀጭን ቡናማ ቀለበት የመሰለ እርጥበት አክስሉ ላይ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ዘይቱ ዝገቱን ይዞ በሌላው በኩል ብቅ ብሏል። እሱን እስካላይ ድረስ እኔ ፑለር አላነሳም። ሁሌ አይታይም ግን፣ ከታች ቆሞ ሚይዝ የአክስል ትከሻ (አክስሉ ወፈር ሚልበት እርከን) ካለ ይደብቀዋል።

እና አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ኩሽኔታ ሁለት ቀለበትና በመሀላቸው ኳሶች ነው። አክስል ላይ የተጣበቀው የውስጥ ቀለበቱ ብቻ ነው። ስለዚ የምትገፉት ወይ ምትጎትቱት ነገር በሙሉ የውስጥ ቀለበቱ ላይ ነው ማረፍ ያለበት። የውጭ ቀለበቱን ይዛችሁ ከጎተታችሁ ኃይሉ ከውጭ ቀለበት ወደ ኳስ፣ ከኳስ ወደ ውስጥ ቀለበት ነው ሚያልፈው፣ ኳስ ደሞ ቀለበቱን ሚነካው በጣም ጠባብ በሆነች ነጥብ ላይ ስለሆነ ኳሱ ሚሄድበት ቦይ ላይ ጉድጓድ ያትማል። ያውም በኳሶቹ ልክ፣ እኩል እኩል ተራርቆ። ይሄ አይነት ጉዳት በብሪኔል ስም ነው ሚጠራው፣ በ1900 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ኳስ ብረት ላይ በመጫን የብረትን ጥንካሬ ሚለካ ዘዴ ያሳየው ስዊድናዊው ዮሃን ኦገስት ብሪኔል ማለት ነው፣ እና ባታውቁትም መዶሻ ይዛችሁ ኩሽኔታችሁ ላይ የሱን ሙከራ እየደገማችሁ ነው። በቁጥር ላስቀምጠው፣ 6204 ቆሞ እያለ ሚችለው የጎን ሳይሆን ወደ መሀል ሚጫን ጭነት 6.55 ኪሎኒውተን አካባቢ ነው፣ ወደ 670 ኪሎ ግራም በሉት፣ በአክስሉ አቅጣጫ ሲሆን ደሞ ከዛ ግማሹን ነው ሚመከረው። የፑለር ብሎን በረጅም ኪያቤ ስታጠብቁ ቶኖች ቀልድ ናቸው። ሲወጣ ኳሶቹ አይሰበሩም፣ ምንም ነገር አይታይም፣ ከተገጠመ በኋላ ነው ማጉረምረም ሚጀምረው።

(ተቃራኒውም ልክ ነው፣ ኩሽኔታው ሞዞ ውስጥ በውጭ ቀለበቱ ተጣብቆ ከሆነ ሚገፋው የውጭ ቀለበቱ ነው። የተጣበቀውን ቀለበት ያዙ፣ በቃ።)

ታዲያ ከጀርባ የውስጥ ቀለበቱን ብቻ እንዴት ይያዛል? ቀለበቱ ቀጭን ነው፣ የተለመደው ባለ ሁለትና ባለ ሶስት እግር ፑለር ጥፍሩ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይገባም፣ ለዛ ነው ሰው ተስፋ ቆርጦ የውጭውን ሚይዘው። መፍትሄው ሁለት ግማሽ ሆኖ ጠርዙ እንደ ቢላ የሳለ ከጀርባ ሚገባ ሰሌዳ ነው፣ ሁለቱን ግማሾች በብሎን ስታቀራርቡ ጠርዙ በኩሽኔታውና በትከሻው መሀል ይሰርጋል፣ ራሱ ማጥበቁ አንዳንዴ ኩሽኔታውን ግማሽ ሚሊ ያስነሳዋል። ከዛ ሁለት ረጅም ብሎን ወደፊት ወጥቶ አግዳሚ ብረት ላይ ይታሰራል፣ መሀል ያለው ትልቅ ብሎን አክስሉን ይገፋል። ይሄ ከሌላችሁ ወፈር ካለ ላሜራ ላይ በአክስሉ ልክ ዩ ቅርጽ ቆርጣችሁ፣ ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ፣ ራሳችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ የላሜራው አፍ ግን የውስጥ ቀለበቱን ብቻ እንዲነካ ተደርጎ ይሞረድ። አንዳንድ አክስል ላይ ደሞ ትከሻው ላይ ለፑለር እግር ተብሎ ሁለት ወይ ሶስት ቦታ የተቦረቦረ ቦይ አለ፣ ዝገቱን ስትጠርጉ ፈልጉት፣ ዲዛይን ያደረገው ሰው አስቦላችኋል።

ትከሻው ከቀለበቱ እኩል ከፍ ያለ ሆኖ ጭራሽ ከጀርባ ምትይዙበት ቦታ ከሌለስ? ያኔ በውጭ ቀለበቱ መጎተት ግድ ይሆናል፣ ግን ጉዳቱን መቀነሻ መንገድ አለ። ፑለሩን በውጭ ቀለበቱ አስይዛችሁ ውጥረት ስጡት፣ ከዛ የመሀሉን ብሎን በኪያቤ ይዛችሁ ዝም አሰኙትና ፑለሩን ራሱን አዙሩት፣ የውጭ ቀለበቱ ከነኳሶቹ እየዞረ ስለሚወጣ ጫናው አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። ይሄ ሚሰራው ኩሽኔታው ገና መዞር ሚችልና ብዙም ያልተጣበቀ ከሆነ ነው። ድርቅ ብሎ ማይዞር ከሆነ አይሆንም።

ፑለር ላይ ትንንሽ ነገሮች አሉ። የመሀሉን ብሎን ጥርስ ግራሶ ቀቡት። የአክስሉን ጫፍ ለማዳን አሮጌ የመዳብ ቁራጭ አስገቡበት፣ ጫፉ ጥርስ ካለው ዳዶውን ከጫፉ እኩል እስኪሆን መልሳችሁ ጠምዙት፣ ጥርሱ አያብጥም። ፑለሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ከሁለት አቅጣጫ እዩ። ሁሉንም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፣ መነጽርም አድርጉ፣ ኩሽኔታ ሚሰራበት ብረት ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ ሲፈነዳ ስንጥሩ አይን ፍለጋ ነው ሚሄደው። በዚሁ ምክንያት ኩሽኔታን በቀጥታ በብረት መዶሻ መምታት ክልክል ነው በሉት፣ ምትመቱ ከሆነ በመሀል ነሐስ ወይ አሉሚኒየም ይግባ።

አጥብቁ፣ ሲወጠር አቁሙ። እዚህ ጋር ነው ትዕግስት ሚፈልገው። ኪያቤውን በቧንቧ አስረዝማችሁ ከመግፋት ይልቅ ተወጥሮ እያለ የመሀሉን ብሎን ራስ በመዶሻ አንድ ሁለቴ ቀጥታ ምቱት፣ ከዛ ሩብ ዙር ሞክሩ። እምቢ ካለ ተወጥሮ እንዳለ ዘይት ጨምራችሁ ትታችሁት ሂዱ። ሲላቀቅ "ጧ!" ሚል ድምጽ አለው፣ መጀመሪያ ለሰማ ሰው የሆነ ነገር የተሰበረ ነው ሚመስለው፣ ልብ ያስደነግጣል፣ ግን ዝገቱ ነው የለቀቀው፣ ከዛ በኋላ ብሎኑ በድንገት ይቀላችኋል። ትንሽ ከሄደ በኋላ ደሞ ወዲያው እስከ መጨረሻው አትጎትቱት። የውስጥ ቀለበቱ ልክ ሚሆን፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቧንቧ አክስሉ ላይ አጥልቃችሁ ትንሽ መልሱት፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ጎትቱ። ወደፊትና ወደኋላ ሲል የተፈጨው ዝገት ከዘይቱ ጋር ይወጣል፣ ካልሆነ ያ ዱቄት ቀለበቱ ስር ተጠራቅሞ አክስሉን እየላጠ ነው ሚሄደው። እንደውም አንዳንዴ ከነጭራሹ መጀመሪያ ወደ ውስጥ መግፋት (ቦታ ካለው) ወደ ውጭ ከመጎተት ይቀላል።

በሁለት ካቻቢቴ ከጀርባ መፈንቀል ሚባለውን ነገር በተመለከተ፣ ቀለበቱ በአንድ በኩል ብቻ ከተነሳ ይጣመማል፣ የተጣመመ ቀለበት ደሞ በሁለት ጫፉ አክስሉን ነክሶ ይይዛል፣ ከድጡ ወደ ማጡ። ግድ ከሆነ ሁለት እኩል ጠፍጣፋ መፈንቀያ በትክክል ተቃራኒ ቦታ ላይ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ ከዛ ሩብ ዙር ቦታ ቀይሮ እንደገና። የሃይድሮሊክ ፕሬስ ያለው ደሞ ሁሉም ነገር ተፈታ ብሎ ያስባል፣ ግን በብዛት ማየው ስህተት እዛ ነው፣ ኩሽኔታው በውጭ ቀለበቱ ሁለት ብረት ላይ ተዘርግቶ አክስሉ ከላይ ይጫናል፣ ያ የውጭ ቀለበት መጎተት ነው፣ ያውም በብዙ ቶን። ብረቶቹ አክስሉ እስኪነካቸው ይጠጉና የውስጥ ቀለበቱን ይደግፉ። አክስሉ ሲላቀቅ ስለሚወድቅ ስሩ እንጨት አድርጉ።

ሙቀት። ዘይቱና ፑለሩ ካልበቁ ቀጣዩ ይሄ ነው፣ እና ብዙ ኩሽኔታ ሚሞተውም እዚህ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 12 ያህል ይለጠጣል፣ ስለዚ 25 ሚሊሜትር ቀዳዳ 100 ዲግሪ ብታሞቁት 0.03 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ ማለትም 30 ማይክሮን። ከላይ ካልኩት 25 ማይክሮን በላይ ነው! ለዛ ነው ትንሽ ሙቀት በቂ ሚሆነው፣ ቀይ እስኪሆን ማንደድ ምንም ትርጉም የለውም። ግን ሂሳቡ ሚሰራው ቀለበቱ ሞቆ አክስሉ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ነው። ቀስ ብላችሁ ካሞቃችሁ ሁለቱም እኩል ይሰፋሉ፣ ባዶ ድካም። ስለዚ አክስሉን ከሁለቱም በኩል በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ፑለሩን አስቀድማችሁ ወጥሩት፣ ከዛ ቀለበቱን በሙቅ አየር መንፊያ ዙሪያውን ቶሎ አሙቁት፣ ወዲያው አጥብቁ። የሞቀ ዘይት በቀለበቱ ላይ ማፍሰስም ይሰራል፣ ሙቀቱ እኩል ስለሚዳረስ እንደውም እሱ ይሻላል፣ ጓንትና ማጠራቀሚያ ትሪ አይርሳችሁ። አክስሉ ውስጡ ባዶ ከሆነ ደሞ በረዶ ጠቅጥቁበት፣ ከሁለቱም ወገን ክፍተቱን እየሰራችሁለት ነው።

ገደቡ 120 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዛ ካለፈ የተለመደው ኩሽኔታ መጠኑ በቋሚነት መለወጥ ይጀምራል፣ ጨምሮ ከሄደ ጥንካሬውንም ያጣል፣ ፕላስቲክ ኬጅ (ኳሶቹን አራርቆ ሚይዘው ቀፎ) ያለው ከሆነም የኬጁ ገደብ እዛው አካባቢ ነው። የተለመደው ጥቁር ጎማ መሸፈኛ 100 ዲግሪ ላይ ነው ሚያቆመው። በሌዘር ቴርሞሜትር ምትለኩ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ነው ሚያሳያችሁ፣ በጥቁር ማርከር ቀባ አድርጋችሁ እዛ ላይ ለኩ። መለኪያ ከሌለ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፣ ጠብታው ፈልቶ ከተነነ 100 ደርሷል፣ አቁሙ። ብረቱ ቢጫ ወይ ሰማያዊ ካለ ከ200 በላይ አልፋችኋል፣ ያንን ኩሽኔታ መልሳችሁ አትግጠሙ። የጋዝ እሳት ለዚህ ስራ አልወድም፣ በተለይ ሰርጎ ገብ ዘይት ወይ አሴቶን የጠጣ ነገር ላይ። ሌላው፣ አንዳንድ ኦይል ሲል ቫይተን ከሚባለው የፍሎሪን ጎማ ነው ሚሰራው፣ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲነድ ሚያወጣው ጋዝና ሚተወው ዝቃጭ ሳንባም ቆዳም ይበላል። ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም።

ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ሚሉ አሉ። ለዛገ ኪያቤ እሺ፣ ለኩሽኔታ አይሆንም፣ አሲድ ዝገቱን በልቶ ሲጨርስ ደህናውን ብረት ይጀምራል፣ ኳሱ ሚሄድበት ቦይ ደሞ መስታወት ሆኖ የተወለወለ ስለሆነ ትንሽ ከበላው በቃው። ኤሌክትሪክና የልብስ ሶዳ በመጠቀም ዝገት ማንሳትም እንደዛው፣ እንደዚህ አይነት ጠንካራ ብረት ውስጥ ሃይድሮጂን ገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል፣ መሀል ለመሀል ያለው ስንጥቅ ውስጥም በደንብ አይደርስም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ? ኩሽኔታውን ሰውታችሁ አክስሉን አድኑ። የውጭ ቀለበቱ ተቆርጦ ኳሶቹ ከወጡ በኋላ ሚቀረው የውስጥ ቀለበት ላይ በግራይንደር ሰያፍ ቦይ ቁረጡ፣ አክስሉን ሳትነኩ ትንሽ ሲቀር አቁሙ፣ መሮ ቦይው ውስጥ አስገብታችሁ አንድ ጊዜ በደንብ ስትመቱት ቀለበቱ ይሰነጠቅና በእጅ ይወጣል።

ደህና ሆኖ ወጣ እንበል። አሁን ደስ ብሏችሁ የአየር ቧንቧ ይዛችሁ እንዳታሽከረክሩት! ያ ፉጨቱ ደስ ይላል፣ ግን ያለ ዘይት በዛ ፍጥነት መዞር ቦዩን ይፍቃል፣ ኬጁ ከተበጠሰ ደሞ ኳሶቹ ጥይት ናቸው። ክፍት ኩሽኔታ ከሆነ በንጹህ ነጭ ጋዝ በብሩሽ እጠቡት፣ ቀለበቱን ይዛችሁ በእጅ ቀስ እያላችሁ ብቻ አዙሩት፣ ዝገት መውጣቱን እስኪያቆም ጋዙን ቀይሩ፣ ከዛ አድርቃችሁ ወዲያው ቀጭን ዘይት ቀቡት፣ ታጥቦ ያደረ ኩሽኔታ ጠዋት ዝጎ ነው ምታገኙት። ጎማ መሸፈኛ ያለው ከሆነ በቀጭን መርፌ ነገር ከውስጠኛው ጠርዝ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ካልተጣመመ መልሶ ይገባል። የቆርቆሮውን ግን አትንኩ፣ እሱ ሲወጣ ይበላሻል።

መብራት ስር ቦዩን እዩ። ላዩ ላይ ብቻ ያለ፣ በጣት ሚጠረግ ቡናማ እድፍ ችግር የለውም። ጥፍራችሁ ሚይዘው ጉድጓድ ካለ፣ ወይ በኳሶቹ ልክ ተራርቀው ሚታዩ ጠባሳዎች ካሉ አበቃ፣ ማንም ምንም ቢላችሁ ያንን ኩሽኔታ መኪና ወይ ሰው ሚጭን ነገር ላይ አትመልሱት። ከዛ በትንሹ ዘይት ተቀብቶ በሁለት እጅ ጫን እያላችሁ በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩት፣ በፍጥነት ስታዞሩት ደህና ሚመስል ኩሽኔታ በዝግታ ሲዞር ነው ችግሩን ለጣታችሁ ሚነግራችሁ። አልፎ ከሆነ ግራሶ ሙሉበት፣ ግን እስከ አፉ አይደለም፣ ዝግ ኩሽኔታ ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ ሲሶው አካባቢ ይበቃል፣ ከበዛ ይሞቃል።

አክስሉን ደሞ በማይክሮሜትር ለኩት፣ ኩሽኔታው በተቀመጠበት ቦታና ከጎኑ ባልተነካ ቦታ። ያ ቀይ ዱቄት የነበረበት ከሆነ ልዩነት ታገኙ ይሆናል፣ እና አዲሱም አሮጌውም ኩሽኔታ እዛ ላይ ላልቶ እየዞረ አክስሉን መብላቱን ይቀጥላል። በነጥብ መቺ ዙሪያውን ወግቶ ማሳበጥ ሚወዱ አሉ፣ ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ እኔ ግን አልመክርም፣ ወይ በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ ማስተካከል ነው ወይ አክስል መቀየር። ልኩ ደህና ከሆነ ደሞ መልሳችሁ ስትገጥሙ መቀመጫው ላይ ቀጭን ዘይት ወይ ዝገት መከላከያ ፓስታ ለቅለቅ አድርጉበት፣ ኦይል ሲሉንም አዲስ አድርጉት፣ ውሃው የገባው በሱ በኩል ነበር።